እትዬ ባትሪና የሕፃኗ አልጋ

በየግቢው «እንዴት ዋላችሁ» ሳይል አልጋ የሚፈትሽ አንድ ሰው አይጠፋም። ቤት ተከራይታችሁ የምታውቁ፣ እስቲ በሞቴ፣ የለም በሉኝ!

በዚህኛው ግቢ ሹመቱን የያዙት ጡረተኛዋ የስልክ ኦፕሬተር እትዬ ባትሪ ናቸው። ስማቸውስ ሌላ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ የእጅ ባትሪያቸው ከእጃቸው ስለማይለይ ጎረቤት በሌሉበት እንዲያ ይላቸዋል። ክብርት መርማሪ ሰው ቤት ሲገቡ ወንበሩን ገልብጠው ሥሩ ላይ ሳያበሩ አይቀመጡም። አንዴ የታመመ ጎረቤት ሊጠይቁ ሄደው በሽተኛውን ከፍራሹ አስነስተውታል።

«ትኋን ደም መጥጦ ብቻ የሚሄድ መሰላችሁ? ባክቴሪያ ተሸክሞ ነው የሚዞረው! በሬዲዮ ሰምቻለሁ!» ይላሉ። አንድ ነገር በደረሰ ቁጥር፣ ዝናብ እንኳ ቢዘንብ፣ «ምን አልኩ?» ማለታቸው አይቀርም። ወደ ራሳቸው ክፍል ግን ማንንም አያስገቡም። የገዛ እህታቸው ሳትቀር በር ላይ ተስተናግዳ ትመለሳለች።

ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ ትስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ገና መዳህ የጀመረች ልጇ አንገት ላይ ቀያይ እብጠት ተደርድሮ አየች። ልጅቷ ስታክከው ቆሰለ፤ ከዚያ ትኩሳት ያዛት። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። «ባክቴሪያ ተሸክሞ ነው የሚዞረው» የሚለው የእትዬ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አለ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ቁስሉን አይታ መድኃኒት ሰጠቻት። «ትኋን ላይ ባክቴሪያ ይገኛል፤ ነክሶ ወደ ሰው ማስተላለፉ ግን አልተረጋገጠም። የእሷ ሲታከክ ቆስሎ ያመረቀዘ ነው። ብቻ እንደገና እንዳትነከስ» አለቻት። አልተረጋገጠም! እናት ይህን ሰምታ እንቅልፍ ይወስዳታል?

አከራዩ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እኔ ቤት ትኋን? ቢንቢ ነው! አንዲት እንኳ አሳዪኝና ዛሬውኑ መድኃኒት አስረጫለሁ» አለ።

እትዬ ባትሪ መጡ። አልጋውን ፈታቱት፣ ፍራሹን ገለበጡት፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ላይ አበሩ። ምንም የለም። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን አልኩ» ሳይሉ ቀሩ፤ ወንበሩንም ሳይገለብጡ ቁጭ አሉበት። ልብስ ሰፊዋን ከነርሷ ቃል ይልቅ ይህ አስፈራት።

ባትሪያቸውን አጠፉና፣ «የሰው ሽታ ሲያገኝ ነው የሚወጣው» አሉ። «ልጅቷን ይዘሽ እኔ ቤት እደሪ። ልብሳችሁን በር ላይ ቀይሩ።»

«እርስዎስ?»

«እዚሁ እተኛለኋ!»

«ኧረ እትዬ! በሽታ ቢይዝዎትስ?»

«እፈራለሁ እንጂ! እንኳን ሲነክሰኝ ስሙ ሲጠራ ይዘገንነኛል። ግን እኔ ብነከስ እጮሃለሁ። እሷ በምን አፏ ትናገር?»

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ስትከፍት እትዬ ባትሪ አንድ ዓይናቸው አብጦ፣ ክንዳቸው ዥጉርጉር ብሎ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። በእጃቸው ክዳን ያለው ጠርሙስ ይዘዋል፤ ውስጡ ትኋኖች ይርመሰመሳሉ። አከራዩ በዚያ ሲያልፍ አፍንጫው ሥር ደቀኑለት።

«ምን አልኩ?»

ሰውዬው የሚረጨውን ሰው ሊጠራ እየተጣደፈ ወጣ።

«ይግቡ እንጂ እትዬ፣ ቤትዎ አይደል?»

«አልገባም! ልብሴ ላይ ቢኖርስ? ቅያሪ ልብስ በበሩ አቀብዪኝ። ልጅቷስ?»

«ትኩሳቷ በረደ።»

እትዬ ባትሪ እንባቸው መጣ፤ ግን በገዛ ሕጋቸው ከገዛ ደጃፋቸው ንቅንቅ አላሉም። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ወለሉ ላይ በተነጠፈው ነጭ አንሶላ አስቀምጣ ወጣችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«አትንኪኝ! አትንኪኝ እኮ አልኩሽ! አየሽ፣ አሁን አንቺም መግባት አትችዪም!»

«እሺ፣ አልገባም» አለች፤ አልለቀቀቻቸውም። ሁለቱ ደጃፉ ላይ እንደተቃቀፉ፣ ልጅቷ በዚያ ማንም በማይገባበት ክፍል ውስጥ እየሳቀች ስትድህ ያዩዋት ጀመር።