አያ ያረጋልና ፊቱ ያልታየው በዳይ

አንድ ከተማ መብራት ላይኖረው ይችላል። ውሃው በሳምንት አንዴ ሊመጣ፣ መንገዱም ክረምት በገባ ቁጥር ሊጠፋ ይችላል። ሳይጠሩት የሚመጣ አስታራቂ የሌለው ከተማ ግን እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ካደረጉ ከየት መጣ ሳይባል መሀላቸው ቆሞ ይገኛል። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይላል። እሱ ሥሩን ቆፍሮ እስኪያገኝ ድረስ የተጣሉት ሰዎች በምን እንደተጣሉ ይረሱታል።

የእኛ የፍኖተ ሰላሞቹ ክቡርነታቸው አያ ያረጋል ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል ይባላል፤ ከምን ሥራ እንደወጡ የሚያውቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ሥራቸው እርቅ ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ በዓል የለ፣ እሑድ የለ።

አንድ ጊዜ መናኸሪያ ውስጥ ሁለት የሚኒባስ ረዳቶች በአንድ ተሳፋሪ ተጣሉ። አያ ያረጋል ደረሱና አስታረቋቸው። ረዳቶቹ ተቃቅፈው ሲለያዩ ሁለቱም መኪኖች ሄደው ነበር፤ ተሳፋሪው ለምስክርነት ተይዞ ስለቆየ ያን ቀን ቡሬ ሳይገባ አደረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የጅጋና የማንኩሳ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣ። አያ ያረጋል ዘንጋቸውን ይዘው ሜዳ ገቡ። ዳኛውን በአንድ እጅ፣ ልጁን በሌላ እጅ ይዘው "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" አሉና ቀዩን ካርድ በሽምግልና ወደ ቢጫ አስወረዱት። ዳኛው ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ ከተማ ሲመደብ ያመኛል ይላል።

ያልተጣላ ሰውም አይምሩም። የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው የክንፈሚካኤል ባለቤት ጥርሷን አሟት ጉንጯን ይዛ ዝም ብላ ብትቀመጥ፣ "በዚህ ቤት ኩርፊያ አለ" ብለው ባልየውን ጉልበቷን ስመህ ካልታረቅህ አልወጣም አሉት። ክንፈሚካኤልም ሥራ ስለነበረበት ሳመና ተገላገለ።

እኔ መልካሙ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ አያ ያረጋል በዚያ መንገድ ሲመጡ ባየሁ ቁጥር ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኋላ ጎንበስ ብዬ ወረቀት የማስተካክል መስዬ ነበር የማሳልፋቸው። እስከ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ድረስ ማለቴ ነው።

በዚያ ግንቦት አንድ ጠዋት "ደረሰኝ" የሚል ነገር በኢሜይል መጣልኝና ከፈትሁት። ምንም የለበትም። ትቼው ለአንድ ቄስ ወረቀት ላባዛ ሄድሁ። ስመለስ የፋይሎቹ ሁሉ ስም መጨረሻ ላይ ሊነበብ የማይችል ጭራ በቅሎባቸዋል፤ አንዱም አልከፈት አለ። ስክሪኑ ላይ በቀይ መደብ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ፋይሎችህን ቆልፌያቸዋለሁ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ ሦስት መቶ ዶላር በቢትኮይን ክፈል፣ ቀኑ ካለፈ እጥፍ ይሆናል። ከሥሩ የኢሜይል አድራሻ አለ። ቢትኮይን ምን እንደሆነ ከተማውን ዞሬ ጠየቅሁ። አንድ ነጋዴ ብቻ ከጅጋ እንደሚያስመጣልኝ ቃል ገባልኝ።

ከተቆለፉት ውስጥ አንዱ የያምሮት የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ያምሮት የቡሬ ልጅ ናት፤ ግብርና ነው የምትማረው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሽንዲ ዙሪያ ማሳ ለማሳ እየዞረች የበርበሬን ተክል የሚያጠወልገውን በሽታ ስታጠና ከርማለች። የትኛው ማሳ ስንት ተክል እንደሞተበት የሚያሳየው ሠንጠረዥ ሁሉ እኔ ቤት ነበር። ጽሑፏን መምህራኗ ፊት የምታቀርብበት ቀን ተቆርጧል። ያ ቀን ካመለጣት ዓመቱ ይበላል፤ በወረዳው ግብርና ቢሮ የሚጠብቃት ሥራም ለሌላ ይሄዳል። ፍላሿም ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክታ ስለነበር አብራ ተቆልፋለች። ሜዳ ላይ በእጇ የጻፈቻቸውን ወረቀቶች ደግሞ "ተተይቦ አለቀ" ብላ ለእናቷ ብትነግራቸው፣ እናቷ እሳት አቀጣጥለውባቸዋል።

የኮምፒውተር ጠጋኙን ክንዱን ጠራሁት። ክንዱ ለኮምፒውተር ሕመም ሁሉ አንድ መድኃኒት ነው ያለው፤ ፎርማት፣ ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጀመር። ፕሪንተር ቢበላሽ ፎርማት፣ ስክሪን ቢጠቁር ፎርማት። ሚስቱ ጉንፋን ብትይዛት ሌላ ነገር እንደማያዝላት እርግጠኛ ነኝ። ያን ቀን ግን አንድ ቁም ነገር ተናገረ።

"ቫይረሱን አሁን ላጠፋልህ እችላለሁ" አለኝ። "እሱ ሌባውን ከቤት ማስወጣት ነው። የቆለፈውን ሣጥን ግን አይከፍትልህም።"

ያምሮት ከአባቷ ከአቶ እጅጉ ጋር መጣች። ነገርኳት። አላለቀሰችም። የወረቀት ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አባቷ ግን አልቻሉም።

"ልጄ በእግሯ የተንከራተተችበትን ነው'ኮ የበላኸው!" ብለው ጮኹ።

"እኔም ተሰርቄያለሁ'ኮ አቶ እጅጉ!" ብዬ እኔም ጮኽሁ።

ድምፃችን ከፍ አለ ማለት ነው። በሩ ላይ ጥላ አጠላ።

"እስኪ ነገሩን ከሥሩ" አሉ አያ ያረጋል።

ሦስታችንንም ተራ በተራ ሰሙን። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት፤ ስንጨርስ ገለጡት።

"እናንተማ ተበዳዮች ናችሁ። በዳዩ የታለ?"

"አይታወቅም አያ። ባሕር ማዶ ነው።"

"አድራሻ የለውም?"

"ኢሜይል አለው።"

"ታዲያ ምን ያስጮኻችኋል? አድራሻ ያለው ሰው ይጠራል። በዳይ ሳይሰማ እርቅ የለም።"

ክንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አያ ያረጋል በዘንጋቸው ወለሉን መታ አደረጉ። "አንተ ልጅ፣ በሬ የሰረቀ ሰው አርዶ ሊበላው ካሰበ ድምፁ አይሰማም። ደብቆ ይዞ 'ክፈሉኝ' የሚል ግን ሽማግሌ እየጠበቀ ነው። ይኸ የሚገርም አይዶለም። ጻፍ መልካሙ!"

እሳቸው ሲናገሩ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስሁ ጻፍሁ። "ይድረስ ስምህን ለማናውቅህ ልጃችን። እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።"

"አያ፣ ደህና አይደለንም እኮ።"

"ሰላምታ ነው፤ ጻፍ!"

ዝናቡ ዘንድሮ ፈጠን ማለቱን ጻፍሁ። በእሱ አገር ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁ። አባቱና እናቱ ደህና እንደሆኑ ጠየቅሁ። ገጹ ሞላ፤ ስለ ፋይል ግን አንድ ቃል የለበትም። መጨረሻ ላይ "ስለ ተያዘው ንብረት በሌላ ጊዜ እንጫወታለን" አስባሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ የላክሁት ደብዳቤ የለም።

መልሱ ማታውኑ መጣ። አንድ ቃል ነበር፤ "ክፈል።"

አያ ያረጋል ፊታቸው በራ። "መለሰ! የመለሰ ሰው ግማሹን ታርቋል።"

በሁለተኛው ደብዳቤ ምልክት ጠየቁ። በሬው በሕይወት መኖሩን ሳያይ የሚደራደር ሽማግሌ የለም አሉ። ሌባውም አንድ ትንሽ ፋይል ብንልክለት በነፃ ከፍቶ እንደሚያሳየን ጻፈ። ያምሮት ከካርቶኑ ላይ ብድግ አለች።

"የእኔን እንላክለት አያ!"

"የለም ልጄ። የምትወጂውን በሬ ለሌባ አታሳዪም።"

ስለዚህ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ስለ አጥር ሥራ ያስጻፈውን ማስታወቂያ ላክንለት። በማግሥቱ ተከፍቶ መጣ። አራታችን ስክሪኑ ላይ ተደርበን አነበብነው፤ ስለ ሽቦና ስለ ባሕር ዛፍ እንጨት የተጻፈ ነገር እንደዚያ ደስ ብሎት ያነበበ ሰው አይኖርም። ቁልፉ እውነትም አለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሌባው መከራውን በላ። አያ ያረጋል በቀን ሁለት ደብዳቤ ማስጻፍ ጀመሩ። ስለ ያምሮት ነገሩት። ስለ በርበሬ ነገሩት። በላብ ስለሚበላ እንጀራ መከሩት። ዶላር የለንም፣ ማር ግን አለን አሉት። "ማር አልፈልግም" ብሎ መለሰ። "አየህ፣ ስለ ማር ማውራት ጀመረ" አሉኝ። ቀኑ አለፈና ዋጋው እጥፍ ሆነ፤ እሳቸው ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱም። በደብዳቤው ሁሉ መጨረሻ "አባትህ ደህና ናቸው?" የሚለውን አይረሱም። ሌባው ለእሱ አንድም ቀን መልስ አልሰጠም።

እንዲህ ስንል ኢንተርኔት ጠፋ። የተማሪዎች ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ አገር ሙሉ ተዘጋ። ያምሮት ግን ከቡሬ በሚኒባስ እየመጣች ካርቶኗ ላይ መቀመጧን አላቋረጠችም። ጽሑፉን ከትዝታዋ እንደገና ልትጽፈው ትሞክራለች፤ ቁጥሮቹ ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ይቆማል። የማቅረቢያዋ ቀን ደጃፍ ላይ ደርሷል። ያኔ እኔም አልቻልሁም፤ አያ ያረጋል ላይ ጮኽሁባቸው።

"ይኸው በእርስዎ ሰላምታ ጊዜው አለቀ! ገና ድሮ ብድር ተበድሬ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ..."

አያ ያረጋል ለመጀመሪያ ጊዜ ጠብ ሳያበርዱ ተነሡ። ዘንጋቸውን አንሥተው ወጡ። ተከትዬ አልጠራኋቸውም።

ኢንተርኔቱ የተለቀቀ ዕለት ኢሜይሌን ስከፍት የሌባው ደብዳቤዎች ተደርድረው ጠበቁኝ። የመጀመሪያው "የት ጠፋችሁ?" ይላል። ሁለተኛው "ሽማግሌው?" ይላል። ሦስተኛው "መጻፍ አቆምክ። ታመምክ እንዴ?" የመጨረሻው ደግሞ፤ "አባቴ ታሟል። ጠይቀኸኝ ነበር።"

ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥሁ። ስሸሻቸው የኖርሁትን ሰው በየጠላ ቤቱ፣ በየሱቁ በረንዳ ፈለግሁ። ቄራው አጠገብ ሁለት ሥጋ ሻጮች መሀል ቆመው አገኘኋቸውና የጻፈውን ነገርኳቸው። ስለ ጩኸቴ አንድም ነገር አላሉኝም። ሥጋ ሻጮቹን "እስክመለስ እንዳትጣሉ" ብለው ተከተሉኝ።

በዚያ ደብዳቤ ስለ ፋይል አንድም ቃል አላስጻፉኝም። ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስታምም፣ እህል ይወስድ እንደሆነ ጠየቁት። "አባት ሲታመም ልጅ ብቻውን ይሆናል፤ እኔም አውቀዋለሁ" አስባሉኝ። ለጸሎት ስማቸውን ላክልን አሉት። ጻፍሁና ላክሁ። ስሙን አልላከም። አያ ያረጋል ግን ቤተ ክርስቲያን ሄደው "የዚያ ልጅ አባት" ብለው አሳሰቡላቸው፤ እግዚአብሔር ማንን እንደሆነ ያውቃል አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ቁልፉ መጣ። ከነመክፈቻ ፕሮግራሙ። ከሥሩ "ለልጅቷ ነው። አሁን እባክህ መጻፍ አቁም" ይላል።

ራርቶ ይሁን ታክቶት እስከ ዛሬ አላውቅም። አያ ያረጋል ራራ ይላሉ። እኔ አያ ያረጋልን ስለማውቃቸው ታክቶት ይመስለኛል።

ክንዱ በጥንቃቄ ሠራ። የተቆለፉትን ፋይሎች መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጣቸው፣ ቁልፉን በአንዲት ተራ ፋይል ሞከረው፣ ከዚያ የያምሮትን አስከተለ። የበርበሬው ሠንጠረዥ ከነቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ያምሮት ያኔ አለቀሰች። አቶ እጅጉ ቆባቸውን አውልቀው ስክሪኑን ተሳለሙት። እኔ ካርቶኗ ላይ ቁጭ አልሁ። ሁሉም ፋይል ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ክንዱ ያን ሁሉ ቀን የተመኘውን ፎርማት በክብር ፈቀድሁለት። አሁን ቅጂ የምይዝበት ሌላ ዲስክ አለኝ፤ ማታ ማታ ነቅዬ ቤቴ ይዤው እገባለሁ። ያምሮትም በቀኗ አቀረበች፤ ሥራውንም አገኘች።

አያ ያረጋል ብቻ አልረኩም። አብሮ ያልተበላበት እርቅ እርቅ አይባልም ብለው ልጁን ለኅዳር ሚካኤል ጋበዙት። ደብዳቤው "አድራሻው የለም" ተብሎ ተመለሰ። ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም።

ከዚያ ወዲህ ዝናቸው ወጣ። ዛሬ ቡሬ ናቸው ይባላል፣ ነገ ጅጋ። ወደ እኔ ሱቅ ብቅ ማለት ተዉ፤ ምን ያምጣቸው፣ ጠብ የለ። ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ባዶውን ሰነበተ። ሰላም እንደዚያ እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አላስቻለኝም፤ ከክንፈሚካኤል ጋር ተመካከርን። እሱም ናፍቀውታል፤ ባያምንም ናፍቀውታል። አያ ያረጋል በዚያ በኩል ሲያልፉ በረንዳው ላይ ወጥተን ከተማው እስኪሰማ ተጯጯኽን። እጃችንን አወናጨፍን፤ ክንፈሚካኤል እንዲያውም መቀሱን አነሣ። ጋቢያቸውን እየመለሱ እየሮጡ መጡ፤ በዚያ ዕድሜ! መሀላችን ገቡ፣ ወንበራቸውን አስመጥተው ቁጭ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"በሉ ልጆቼ፣ ተበዳዩ ይጀምር።"

እኔና ክንፈሚካኤል ተያየን። በዳዩ ማን እንደሚሆን አልተነጋገርንበትም ነበር።