ለሐሜት የተቀመመ መድኃኒት

የሰማውን ሁሉ ኑሮ ላይ ካልሞከረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔዋ ዘይነባ ናት፤ እዚህ ዐረብ አገር፣ ሩማይሲያ ሰፈር፣ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ። የማዳሟ ሴት ልጅ የቫይረስ መድኃኒት ትቀምማለች። ቫይረስ የሚባዛው የዘር ቅንጣቶቹን እንደ ዶቃ እየሰካ ነው አሉ። መድኃኒቱ ዶቃ መስሎ ይገባለታል፤ ግን ከኋላው ሌላ ዶቃ አያስቀጥልም። ቫይረሱ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

“ሐሜትም በዚሁ ይድናል” አለችኝ ዘይነባ።

ባለፈው ጁምዓ ሚርቃብ ሰፈር፣ የውበት ሳሎን ውስጥ የምንሠራ ሴቶች በተከራየነው ክፍል፣ ዘይነባም በዕረፍቷ መጥታ ተሰብስበን ሳለ፣ ወሬኛዋ መሪማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና “ይቺ ልጅ ወፍራለች፤ ነገር አለ” ብላ ጀመረች። ሁሉም ጠጋ ጠጋ አለ። እኔ የያዝኩትን ሻዋርማ መግመጤን አቆምኩ።

ዘይነባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “እኔም ሰምቻለሁ” አለች።

“ምን ሰማሽ?”

“በልታ ነው አሉ።”

ወሬው እዚያው ቆሞ ቀረ። እስቲ እናንተስ ብትሆኑ ከዚህ ወዲያ ምን ትቀጥላላችሁ? ዘይነባ በኩራት ጠቀሰችኝ።

ቫይረስ መድኃኒትን እንደሚላመድ ግን ረስታዋለች። መሪማ ጥቂት አሰበችና ዓይኗን እጄ ላይ ጣለች፤ አርዲያ ሰፈር የሚሠራው ሾፌር ወዳጄ የላከልኝ ሻዋርማ ላይ።

“ማን አብልቷት?”