የጋቢናው ሊቅ

በዓለም ላይ አንድ ሹፌር ብቻ ያለው መኪና የለም። አንዱ መሪ ይጨብጣል፤ ሌላው ጋቢና ተቀምጦ ይነዳል። የሀርጌሳውን ክቡር አቶ ዋርሳሜን በቅርብ አውቃቸዋለሁ ብል ግን ውሸት ይሆናል። ቤታቸው ገብቼ አላውቅም፤ ስለ ልጆቻቸውም ጠይቄያቸው አላውቅም። የማውቃቸው ከኋላ ሆኜ፣ ማጅራታቸውን እያየሁ ነው። ይሁንና ሰውን እንደ ማጅራቱ የሚገልጸው የለም።

አማርኛቸውን ያመጡት ካደጉበት ከድሬዳዋ ነው። ያን ሁሉ ክብደት ከየት እንዳመጡት አልታወቀም። ከሰፈራችን ከኮድቡር ወደ ገበያ በሚመላለሰው የጀማሉዲን ፒክአፕ ላይ ጋቢናው የእሳቸው ነበር፤ ሙሽራ ብትመጣም አይለቁም። ጦርነቱ በሰማንያ ሰባት እንደገና አገርሽቶ ናፍጣ እንደ ሽቶ በጠርሙስ ሲሸጥ ደግሞ ሥልጣናቸው ከፍ አለ።

«ናፍጣ የሚጠጣው ሞተሩ አይደለም፤ እግርህ ነው!» ይሉታል ሹፌሩን። ጀማሉዲን ፍሬን በረገጠ ቁጥር የታመመ ሰው ይመስል ደረታቸውን ይይዛሉ። «ይኼን ፍጥነት በስንት ናፍጣ ገዛኸው! ይኸው ጣልከው!» ቆሞ ሞተሩን ካላጠፋ፣ «ማንን ልታሞቅ ነው?» ይላሉ። ከመሳፈራቸው በፊት ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእርግጫ ይመረምራሉ። «ጎማው የላላ መኪና ሜዳ ላይም ዳገት ይወጣል።» አንዲት ሴት ፍራሿን ከጋቢናው በላይ አቁማ ብታስር፣ «እመቤቴ፣ ነፋሱን ማን ይግፋልሽ?» ብለው አስተኙባት።

ጀማሉዲን አንዳንዴ ይመረዋል። «አደር፣» ይላቸዋል፣ አጎቴ እንደማለት፣ «እርስዎ ቢወርዱ እኮ ብዙ ናፍጣ እናተርፍ ነበር።»

«ጋቢናው ባዶ ከሆነ ሹፌር ያብዳል» ይሉታል፤ ክርክሩ በዚህ ያበቃል።

ኅዳር ላይ ተኩሱ ኮድቡር ደረሰ። እኔና ጎረቤቶቼ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ ለመሸሽ ጀማሉዲን ጋ ሄድን። ጎረቤታችን ሸዋርካብሽ ጭኗን ፍንጣሪ መትቷት በሁለት ሰው ተደግፋ ነው የመጣችው። የመኪናው የነዳጅ መለኪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ጀማሉዲን ታንኩ ውስጥ እንጨት ነከረና አውጥቶ እርጥቡን አየ።

«ያደርሰናል?» አልነው።

«እንጃ።»

መንገድ ላይ ቢያልቅ ሁላችንም በእግራችን እንቀጥላለን፤ ከሸዋርካብሽ በቀር።

ያን ጊዜ ቀድመው ጋቢናው ላይ ተሰይመው የነበሩት ክቡርነታቸው በሩን ከፍተው ወረዱና፣ «ነይ ልጄ፣ እዚህ ጋደም በዪ» አሏት። ተኩሱ እንኳ እንዲህ አላስደነገጠንም። ከዚያ ፍራሹን፣ ድስቱን፣ የእኔን የብረት አልጋ ጭምር አስወረዱ። «አልጋ ድንበር ማዶም አለ!» እኛ ዘንድ ከኋላ ወጡና ሕጉን አወጁ፦ ጣሪያውን አንዴ ከመታሁ እግርህን አንሳ፣ ሁለቴ ከመታሁ ማርሽ ቀይር። እየመቱ፣ እየመቱ የገቢሌን ከተማ አሳለፉን።

ከገቢሌ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ሞተሩ ይንገጫገጭ ጀመር። ጀማሉዲን ወርዶ እንጨቱን ነከረ። የረጠበው ጫፉ ብቻ ነበር። አቶ ዋርሳሜ ጠርዙን ይዘው እያቃሰቱ ወረዱ።

«አደር! ያኔ እኮ ቀልዴን ነው!» አለ ጀማሉዲን።

«እኔ ግን በናፍጣ ቀልጄ አላውቅም። ሂድ። ፍሬን በረገጥክ ቁጥር እሰማሃለሁ።»

እኔም ልውረድ ብል፣ «አንተ ደሞ ምን ትመዝናለህና!» ብለው ሰደቡኝ።

መኪናው ጭር አለ። ጥቂት እንደሄድን ጀማሉዲን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አንድ ሰው ይምታ እንጂ! እንዲህ መንዳት አልችልም!» ብሎ ጮኸ። ሰው መሀል ድምፄን ማሰማት የሚያስፈራኝ እኔ፣ እጄ ቀደመኝና ጣሪያውን መታሁ። አንዴ። እግሩን አነሳ። ሜዳው ላይ ሁለቴ። ማርሽ ቀየረ። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ ከማጅራታቸው ስማር ኖሬያለሁ። ሞተሩ በገዛ ራሱ የጠፋው ቶጎ ውጫሌ ኬላ ላይ ነው። ሸዋርካብሽን በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት።

በማግስቱ ክቡርነታቸው አቧራ ለብሰው በእግራቸው ደረሱ። መጀመሪያ ስለ ሸዋርካብሽ ጠየቁ። እግሯ ተርፏል አልናቸው። ቀጥሎ ስለ ናፍጣው ጠየቁ። ጀማሉዲን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቁልፉን ዘረጋላቸው። «አደር፣ ትንሽ ናፍጣ አግኝቻለሁ። ዛሬ እርስዎ ይንዱት።»

ቁልፉን አልተቀበሉም። አንድ ጥርጣሬ ሽው አለብኝ፤ ከየት እንዳመጣሁት በማላውቀው ድፍረት፣ «ለመሆኑ መኪና ነድተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ቁልፉን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ የፊቱን ጎማ በእርግጫ መቱና፣ የጋቢናውን በር ከፍተው ገብተው ተቀመጡ።