በጸሐፊው ሶፋ ቦታ ባቡር ለመዘርጋት የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ የወሩ ሁለተኛ እሑድ፣ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ቤታችን፣ የፊት ክፍል (ሦስት ሜትር በሁለት ተኩል)

የተገኙ፦
1. እህቴ፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፦ ሰብሳቢ
2. ባለቤቷ፣ አናጺ፦ አባል
3. አባባ፣ የአናጺው አባት፣ ጡረተኛ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ፦ አባል
4. እኔ፣ ጫኝና አውራጅ፦ ጸሐፊ (በማታ ትምህርት በዚህ ወር ከሦስት ተማሪ አንደኛ የወጣ)

ከቤቱ አራት ሰዎች አራቱም መሄጃ ስላልነበራቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢዋ የማታ ተረኛ ስለሆነች 10፡30 ላይ መውጣት እንዳለባት አስቀድማ አሳውቃለች።

አጀንዳ 1፦ ስለ ቦታ

አባባ፣ ጡረታ ሲወጡ የተሸለሙት በቁልፍ የሚጠመዘዝ ትንሽ ባቡር ከነካርቶኑ ስድስት ዓመት አልጋ ሥር መክረሙን አስረድተው፣ "ዓይኔ ሳይደክም አንዴ ሲሄድ ልየው ልጆቼ" ብለዋል። ተቃዋሚ አልነበረም። አናጺው ለክቶ፣ ሐዲዱ ለመዞር ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ሳንቃ እንደሚፈልግ፣ ለዚህ የሚበቃ ቦታም ሶፋው ያለበት ብቻ መሆኑን ገልጿል። ጸሐፊው ሶፋው አልጋው መሆኑን አስታውሷል። ሰብሳቢዋም፣ "አንተ ምን ቸገረህ፣ ክፍል ውስጥ ቆመህ ትተኛለህ ብሎ አስተማሪህ ነግሮኛል" ብላለች። ጸሐፊው ይህ እንዳይጻፍ ጠይቋል። ሆኖም ጸሐፊው ሐቀኛ ስለሆነ ጽፎታል።

ጸሐፊው ሁለት ጊዜ በመናገሩ፣ የጸሐፊ ሥራ መጻፍ እንጂ መናገር ስላልሆነ ስብሰባው እስኪያልቅ አፉን እንዲዘጋ ተወስኗል። ከረጅም ውይይት በኋላም ሶፋው ግቢ እንዲወጣ በሦስት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። እንዲያወጣ የተመደበው፣ ካለው የሥራ ልምድ አንጻር፣ ጸሐፊው ነው።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሹመት

አናጺው ሳንቃውን ግድግዳው ላይ በብሎን እያሰረ ሳለ፣ አባባ "ኃላፊ የሌለው ባቡር ቆርቆሮ ነው" በማለታቸው ሹመት ተሰጥቷል። አባባ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ሰብሳቢዋ የበላይ ጠባቂ፣ አናጺው ምክትል ሥራ አስኪያጅና የጥገና ኃላፊ ሆነዋል። ምክትሉ ለዋናው ወይስ ለበላይ ጠባቂዋ ይታዘዝ በሚለው ላይ ባልና ሚስት አርባ ደቂቃ ተነጋግረዋል። ጸሐፊው ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኗል። ባቡሩን ማን እንደሚነዳ የጠየቀ የለም።

አጀንዳ 3፦ ስለ በሩ (ድንገት የመጣ)

10፡30 ላይ ሰብሳቢዋ ስብሰባውን ዘግታ በሩን ብትስበው ሳንቃውን ገጭቶ ቆመ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት መሆኑን፣ በገዛ እጁ የገጠመው አናጺ ረስቶታል። ሲጠየቅ፣ "ስለካ ዝግ ነበር" ብሏል። ሰብሳቢዋ የተናገረችው ከመዝገብ ውጪ ነው።

ሶፋውን ባወጣ ጊዜ ልብ ብሎ እንደሆነ ጸሐፊው ተጠየቀ። ዝም አለ። "ተናገር እንጂ አንተ" ተባለ። ያኔ፣ ዕቃ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በሩን መሆኑን፣ ገና ሳንቃው ሲገባ ማወቁን፣ ነገር ግን ጉባኤው አፉን በውሳኔ እንደዘጋው፣ እሱም ሕግ አክባሪ መሆኑን አስረድቷል። ሳንቃው እንዲፈታ ተወሰነ።

አናጺው መፍቻውን ሲያነሳ አባባ፣ "ከተሰቀለ አይቀር አንድ ዙር ብቻ" አሉ። ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አይታ ፈቀደች። አባባ ባቡሩን ሐዲዱ ላይ አስቀምጠው፣ በአፋቸው አፏጭተው፣ "አራት ደቂቃ ዘግይቷል" ብለው ለቀቁት። በውሳኔው አንድ ዙር ቢባልም ሰባት ዞሯል። ቁልፉን መልሳ የጠመዘዘችው ሰብሳቢዋ ናት።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ አጀንዳ 1 እና 2 ሙሉ በሙሉ ተሽረዋል። ሳንቃው ይውጣ፣ ሶፋው ይግባ፣ ሹመት ሁሉ ይነሳ። አባባ ሥልጣን እንደማይለቁ አስታውቀዋል። ባቡሩ ግን ካርቶኑ ውስጥ ገብቷል።

ስብሰባው በ11፡05 ሰዓት፣ በሩ ሲከፈት አበቃ። ሰብሳቢዋ ሳትፈርም ሮጣለች። ሶፋውን ያስገባው ጸሐፊው ሲሆን፣ ይህም የተጻፈው እዚያው ላይ፣ በጀርባ ተጋድሞ ነው።