እሳት የለበሰው ከውከብ

[ጂዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር። ሾፌሩ ዙበይር በመኪናው መስኮት ያያል። የቤት ሠራተኛዋ ስንቅነሽ የግቢውን በር ከፈት አድርጋ ለመንገድ ጠራጊው በረዶ ያለበት ውሃ ሰጠችው፤ ጠጥቶ እስኪጨርስም በትሪው ፀሐይ ከለለችለት። ዙበይር ደግነቷን ወደደው። የጀመሩትን ክርክር ግን አልተወም። ጭኑ ላይ፣ ለማዳም ልጅ ለበድሪያ የትምህርት ቤት ውድድር የሠራው ኳስ አለ፤ ቀይና ቢጫ ተቀብቶ ዙሪያውን የፎይል ጨረር ተተክሎበታል።]

ስንቅነሽ፦ ጋሽ ዙበይር፣ አሁንም ልክ አይመስለኝም።

ዙበይር፦ አሥራ አራት ዓመት የኖርኩበትን ቋንቋ ልታስተምሪኝ? ልጅቷ «ከውከብ ሥራልኝ» አለች። ከውከብ ማለት ኮከብ ነው። ድምፁ አይነግርሽም?

ስንቅነሽ፦ ባሕር አለበት ብላኛለች እኮ።

ዙበይር፦ የእሳት ባሕር ነዋ።

ስንቅነሽ፦ ሰውም ሳይኖርበት አይቀርም አለች።

ዙበይር፦ ኮከብ ላይ? [ይስቃል] ጫማሽን ሳታወልቂ ትጠበሻለሽ።

ስንቅነሽ፦ ዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ነው ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የሁለት ዓመት ኮንትራቴ በሃያ ሁለት ቀን ያልቃል።

ዙበይር፦ ረመዳንስ? ሠላሳ ቀን ስንጾም ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው።

ስንቅነሽ፦ ውይ፣ የእኛማ ሁዳዴ! ልክ አምስት ዓመት። ደግሞ ባንዱ ወገኑ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም አሉ።

ዙበይር፦ ወላሂ እዚያ ኢፍጣር የለም። በይ ኸላስ፣ ሰዓቱ ደረሰ። ልጇ ካሸነፈች ማዳም ከፊሉን፣ አሠሪያችንን፣ ለምና ፈቃድ ታሰጠኛለች። የወንድ ልጄን ኒካህ በስልክ ነው ያየሁት፤ የሴት ልጄን የሀጀርንስ ቆሜ ካልዳርኩ ምን አባት ነኝ?

ስንቅነሽ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ መካ ገብቼ አላውቅም። የማዳምን እንግዶች እዚያ የምታደርስበት ሆቴል ባለ ስንት ኮከብ ነው?

ዙበይር፦ [ኮራ ብሎ] ባለ አምስት። በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ስንቅነሽ፦ በዐረብኛ ምን ይላል?

ዙበይር፦ «ኸምስ ኑጁ...» [ኳሱን ያየዋል።]

ስንቅነሽ፦ ከውከብ አይልም?

ዙበይር፦ ኑጁም ነው የሚለው።

ስንቅነሽ፦ እንግዲህ የእኛ ኮከብ የእነሱ ነጅም ነው፤ ሲበዛ ኑጁም። ከውከብ የሚሉት ፕላኔትን ነው። በድሪያ ፀጉሯን ሳበጥርላት ነግራኛለች።

ዙበይር፦ ታዲያ ምነው ጠዋት ዝም አልሽ?

ስንቅነሽ፦ ከጠዋት ጀምሮ እያስተማርከኝ ነበር እኮ።

[ዙበይር ጨረሩን ሊነቃቅል ሲል እጁን ያዘችው። ወደ ቤት ገብታ አንድ ፍሬ ብርቱካንና ሰማያዊ ቀለም ይዛ ተመለሰች።]

ስንቅነሽ፦ ተወው። ፕላኔትም ፀሐይ ያስፈልገዋል። ያንተ ኳስ ፀሐዩ ይሁን፤ ይኸው ፕላኔቱ።

ዙበይር፦ [ብርቱካኑን እያየ፣ ቀስ ብሎ] ስንቅነሽ እህቴ፣ ባሕሩን አንቺ ቀቢልኝ። ማዳም ከጠየቀችሽ ግን... ፀሐዩን አስቀድሞ ያሰበው ዙበይር ነው በያት።