የሐዘንተኛዋ ጭቃ

ባሏ የሞተባት ሴት ምን ያህል መሳቅ እንደሚፈቀድላት የሚወስን ኮሚቴ የለም ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። አለ። ስብሰባ አይጠራም፣ ቃለ ጉባኤ አይዝም፣ ግን አለ። እኛ ጊዮርጊስ ጀርባ ባለችው መንደራችን ውሳኔው ከበር በር እየዞረ ይጸድቃል። ሻሿ ጠቁሯል፣ ጥሩ ነው፤ ትናንት ግን ማኪያቶ ስትጠጣ ታይታለች፣ እሱ ይጣራ። የእኔ ፋይል ደግሞ ወፍራም ነው። ተሾመ የተቀበረ ዕለት አላለቀስኩም። ሰው ደረቱን ሲደቃ እኔ የድንኳኑ ወንበር ለእንግዳው ሁሉ ይበቃ እንደሆነ እያየሁ ነበር። እንባ ሲቀር ቀረ፤ ምን ላድርገው? ይኼ ተመዝግቦብኛል።

ተሾመ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በቢስክሌት እንጦጦ ጫካ ይወጣ ነበር። ጭቃ ለብሶ ይመለስና በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ሁሉንም ቀድሞ አናቱ ላይ እንደደረሰ፣ እስኪመጡም ቁጭ ብሎ እንደጠበቃቸው ይተርክልኛል። እኔ ጫማውን እያራገፍኩ እሰማለሁ። አሁን የሚራገፍ ጫማ የለም። ቢስክሌቱ ግን መተላለፊያው ላይ ቆሞ፣ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር በእጀታው ቀሚሴን ይይዘኛል። ነገረኛነቱን ከባለቤቱ ነው የተማረው።

በሰባተኛው ወር ጓደኞቹ ሊጠይቁኝ መጡ። አለቃቸው ጋሽ በላቸው የድሮ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ሲናገሩም ደብዳቤ የሚያጽፉ ይመስላሉ። በእድራችን ደንብ አባል ሲሞት ቦታው ለሚስቱ ይተላለፋል። እሳቸውም ይህንኑ አስበው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የተሾመ ቦታ በደንቡ መሠረት የአንቺ ነው» አሉኝ። ለወጉ ያህል ነው። ከእኔ የሚጠበቀው ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግ አድርጌ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔማ በምን አቅሜ» ማለት ነበር።

«ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?» አልኳቸው።

ጋሽ በላቸው የያዙትን ሻይ አስቀመጡት። በልጅነቴ ጃን ሜዳ ቢስክሌት እየተከራየሁ ከወንዶች ጋር ስሽቀዳደም እንዳደግሁ ከየት ያውቃሉ? ደንቡን የጠቀሱት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

ችግሩ ኮሚቴው ነው። ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከሌን ሳላወልቅ፣ ጫካ ለጫካ ቢስክሌት ስነዳ ብታይ ፋይሌ ተከፍቶ፣ «ድሮም አትወደውም ነበር» ተብሎ ይዘጋል። ስለ እኔ ሌላ ያሻቸውን ቢሉ ግድ የለኝም። ይህችን ግን ሰምቼ መኖር አልችልም። ስለዚህ ቢስክሌቱን ጋሽ በላቸው በዋዜማው በመኪናቸው ወሰዱልኝ፤ እኔ በማግስቱ ጥቁር ቀሚሴን ከሱሪ ላይ ደርቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ወጣሁ።

ዝናብ ሲጥል ነው ያደረው። የባሕር ዛፉ ሥር ሳሙና ሆኗል። ስድስት ጎልማሶች፣ ያውም ጎልማሳ የምላችሁ በትሕትና ነው፣ ተራ በተራ መውደቅ ጀመርን። አንዱ ሲወድቅ ከኋላው ያለው «እኔን!» ይላል፤ ቃሉን ሳይጨርስ ራሱም ይወድቃል። እኔ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፤ ሦስተኛውን በአፍጢሜ። አገጬ ተላጠ።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ አንድ የወደቀ ግንድ አለ። ጋሽ በላቸው ቆሙና፣ «የተሾመ ቦታ ይቺ ናት» አሉኝ።

«ምን ያደርግባታል?»

«አናቱ ደርሰን እስክንመለስ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ከዚህ አልፎ አያውቅም።»

ግንዱ ላይ ተቀምጬ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሰውዬው በሕይወት ቢኖር በዚህ ነገር ስንት ሳምንት ባበሸቅኩት። ይኼን አስቤ የግንዱን ጭቃ በመዳፌ ጠረግሁ፤ ከዚያ እንደገና ሳቅሁ።

ቢስክሌቱን ለጋሽ በላቸው ትቼ ስመለስ በጓሮ ሾልኬ ልገባ ነበር። መንደሩ አፍ ላይ ግን ከለቅሶ ከሚመለሱ አራት ጎረቤቶቼ ጋር ግንባር ለግንባር ገጠምኩ። ጥቁር ቀሚሴ ከላይ እስከ ታች ጭቃ፣ አገጬ የተላጠ። ውሸት ፍለጋ አፌን ስከፍት አንዷ ደረቷን ይዛ፣ «መቃብሩ ላይ ሄዳ ተንከባልላለች» አለች። እኛ ዘንድ መሬት የተንከባለለች፣ ፊቷን የቧጠጠች ሴት ምን እንደሆነች አትጠየቅም። ሦስቱ በአንዴ አለቀሱ። «አላለቀሰችም ብለን አምተንሻል፤ ይቅር በይን» አሉኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አንገቴን ደፋሁ። ከዚህ በኋላ ብቻዬን መቃብር እንደማይሰዱኝ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ሁሉም እንደሚያጅቡኝ እዚያው ተወሰነ።

አራተኛዋ፣ ያላለቀሱት፣ እትዬ አስካለ ናቸው። በዕድሜ ሁሉንም ይበልጣሉ። እጄን ይዘው ቤቴ አስገቡኝ፤ ውሃ አሙቀው እግሬን ያጥቡኝ ጀመር። ሌሎቹ ሲሄዱ ጭቃውን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«የመቃብሩ አፈር ጥቁር ነው» አሉ።

እግሬን ከውሃው ሰብሰብ አደረግሁ።

«ይኼ ቀይ ነው። ባልሽ በየቅዳሜው ደጄን ሲያበላሽበት የኖረው።»

ስሜ በሙሉ እሳቸው ጣት ላይ ነበር። «ታዲያ ምነው ዝም አሉ፣ እትዬ?»

«ምን አስቸኮለኝ? አምርሮ የሚያለቅስ ሰው አገኘን ብለው ደስ ብሏቸው የለ?» ውሃውን ጨመሩልኝ። «የሚመጣውን ቅዳሜ እኔ ነኝ የማጅባት እላቸዋለሁ። ስትመለሺ ግን ጭቃሽን እዚያው ታጠቢ። በየሳምንቱ እንዲህ ሆነሽ ከመጣሽ ጸበል ይወስዱሻል።»