እንዳይመጡ የተጠሩበት ድግስ

ድግስ የማይወድ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። ድግስ መሄድ የማይወድ ግን ሞልቷል። ጠሪው እንዳይቀየም ሲል ብቻ ሥራውን ጥሎ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ከማይጥመው ሰው ጎን ተቀምጦ «ጠጣ እንጂ» እየተባለ ይውላል። እርስዎን ማለቴ አይደለም። ስለ ራሴ ነው የማወራው።

ሰቆጣ በአስተማሪነት ሳለሁ የሰፈራችን የቃሬዛ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። መኪና በማይገባበት ሁሉ በሽተኛ ተሸክመን ሐኪም ቤት እናደርሳለን። በየዓመቱ ጠላ ጠምቀን ሰው እንጠራለን፤ ጠጪው ያዋጣል፣ በመዋጮው የቃሬዛ ሸራና ገመድ እንገዛለን። ወደ ሚሌኒየሙ ግድም ግን በአንዱ ክረምት ተቅማጥና ትውከት ገባና ሠርጉም ተዝካሩም የማኅበር ድግሱም ይቅር ተባለ። ቃሬዛው ከምንጊዜውም በላይ የተፈለገው ደግሞ ያኔ ነው። ሸራው በበረኪና ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፤ በሽተኛ ይዞ መንገድ ላይ ቢቀደድስ እያልን እንሰጋ ነበር።

መላ የመጣው ለእኔ ነው። የጥሪ ወረቀት ጻፍኩና በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዛሁት። የመጀመሪያው መስመር «በመጪው እሑድ በጸሐፊው ቤት ለምናደርገው ድግስ በታላቅ አክብሮት ተጠርተዋል» ይላል። ሁለተኛው፣ «እንዳይመጡ በትሕትና እንለምናለን፤ ጠላው አልተጠመቀም፣ የመቀመጫዎን ግን ይክፈሉ።» ከተማው ሳቀ። እየሳቀም ገዛ። እኔም በራሴ ብልሃት ሰክሬ ሰነበትኩ።

በገበያ ቀን ወረቀቱን ይዤ ስዞር ከሰቆጣ ወዲያ ካለው ከዝቋላ ወረዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝ። አያ ኪሮስ ይባላሉ። አፋቸውን የፈቱት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛውን ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩላቸው። ሌላ ገዢ ሲጠራኝ ሁለተኛውን ሳላነብ ብራቸውን ተቀብዬ ሄድኩ። ይኸው ነው ጥፋቴ። የቀረው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

እሑድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ባለቤቴ ትርንጎ ከፈተች።

«የመምህሩ ቤት ይህ ነው? ለድግሱ ተጠርቼ ነው።»

ድምፃቸውን ለየሁት። የአንድ ቀን መንገድ በእግራቸው መጥተዋል። ብድግ ብዬ ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ እግሬ ወደ ጓዳ ወሰደኝ። ትርንጎ ተከትላኝ ገብታ አየችኝ። «የለም በያቸው» አልኳት በሹክሹክታ። እያፈረች ወጣች።

«እሱ ወጣ ብሏል አባቴ፤ ድግሱም በበሽታው ምክንያት ቀርቷል» አለቻቸው። ከቤት የነበረውን አቀረበችላቸው።

«እንኳን ቀረ። ሰው ከሚታመም ይሻላል» አሉ። ቀጥለው፣ «አምና ባለቤቴ ገበያ መሀል ስትወድቅ በቃሬዛ ወስዳችሁ አትርፋችሁልኛል። ተጠራሁ ስላት ባዶ እጅህን አትሂድ ብላ ይህን ማር ላከች።»

እኔ፣ ልጆችን ስለ ሐቀኝነት የማስተምረው ሰውዬ፣ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። አልወጣሁም።

ሸራው ተገዛ። በክረምቱ ብዙ ሰው ተሸከምንበት። የማኅበሩ ኮሚቴ እኔን ያላመሰገነበት ቀን የለም፤ ባመሰገኑኝ ቁጥር አንገቴን ስደፋ ትሑት ነው አሉኝ። ማሩን አልቀመስኩትም።

ዝናቡ አልፎ እገዳው ሲነሳ ስኳር ቋጥሬ ወደ ዝቋላ ወረድኩ። አያ ኪሮስ በራቸው ላይ ተቀበሉኝ፤ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡኝ። የወረቀቱን ነገር ተናዘዝኩ። ሁለተኛውን መስመር ሳነብላቸው ጥቂት አሰቡና ሳቁ።

«ቸኩለው ነበር፤ ገበያ አይደል» አሉኝ።

ትልቁ ኃጢአቴ ገና አልወጣም። «የመጡ ዕለት ደግሞ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አሉ ዝግ ብለው። «ከጓዳ ሲያስሉ ሰምቻለሁ። ያ በሽታ ይዟቸው ነው ከሰው የተሸሸጉት ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ክረምቱን ሙሉ ስትጸልይልዎ ከረመች።»

ይህን ሲሉ ባለቤታቸው በዱላ እየተደገፉ ከቤት ወጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ፊቴን ትኩር ብለው አዩት።

«ተሻለዎት ልጄ?» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ደስታቸውን አየሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሻለኝ» አልኩ።